ባሕር ማዶ ሆኖ ቤትን ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ፤ ዕዳውም በማን አንገት ላይ እንደሚቀር

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ምስጋና ሁሉ ሐላልን ከሐራም ለይቶ ላስተማረን ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሜ ሆይ፤ በቅዱስ ቁርአን ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመው አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር ታውቃለህን? ስለ ሰላት አይደለም፤ ስለ ጾምም አይደለም፤ ስለ ብድር ነው። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ይኸው ነው። በእርሱ አላህ ዕዳ ትንሽም ቢሆን ትልቅም ቢሆን ከነቀጠሮው እንዲጻፍ፣ ምስክርም እንዲቆምበት ያዛል። የሚከተለው አንቀጽ ደግሞ መንገደኛውን ያነሣል፤ በጉዞ ላይ ሳለ ጸሐፊ ያጣ ሰው መያዣ እንዲቀበል ይፈቅድለታል። እንግዲህ የመንገደኛ ዕዳና የመያዣ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዛሬ ግን መንገዱ ረዘመ፤ ሰው ጂዳ ተቀምጦ ጎንደር ላይ ይገዛል፤ ካርቱም ተቀምጦ ጎንደር ላይ ይሸጣል፤ ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ገንዘቡ ይተላለፋል።

ይህን ምክር ከዐረብኛ ሳዘጋጅ በመጽሐፉ ያገኘሁት ምሳሌ የሩቅ አገር ሰዎች ነገር ነበረና፣ የቅርቡን ልጨምርበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የኮሶዬ ተወላጅ ጥያቄ ይዞ መጣ። ብርድና ገብስ ካለበት ከዚያ ደጋ ወጥቶ በጂዳ ብዙ ዘመን ሲደክም የኖረ ሰው ነው። ያጠራቀመውን ገንዘብ ለታላቅ ወንድሙ ልኮ በጎንደር ከተማ አንድ ቤት ገዛ። ሻጩ በዚያን ጊዜ ካርቱም ነበረ፤ የሸጠው በአማቹ ውክልና ነው። በሽማግሌ ፊት ወረቀት ተጻፈ፤ ገንዘቡም ተቆጥሮ ተሰጠ። ዓመት ሳይሞላ ግን ከባንክ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ቤቱ ለሻጩ ብድር መያዣ ኖሮአል። ሰውዬውም፣ «የተበደረው እርሱ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ነገሩ እኩሌታው እውነት ነው። ዕዳ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በል። አንዱ በሰው አንገት ላይ ብቻ ያለ ነው፤ ሻጩ ከነጋዴ በዱቤ ቢወስድ፣ ከጎረቤት ቢበደር፣ ይህ ዕዳ ቤቱን ተከትሎ ወደ ገዥው አይሄድም። ሁለተኛው ግን በቤቱ ላይ የታሰረ ነው። መያዣ የሆነን ንብረት ባለገንዘቡ ሳይፈቅድ መሸጥ እንደማይጸና የፊቅህ ሊቃውንት አስተምረዋል። የአገራችንም ሕግ ወደዚሁ ይቀርባል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በመዝገብ የገባ የቤት መያዣ ቤቱ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍም እንዲከተለው አድርጓል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ፣ ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለና ውሉ ከፈቀደ፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ ለኮሶዬው ሰው የተሰጠው መልስ፣ ዕዳው የሻጩ ነው፤ ቤቱ ግን እስኪከፈል ድረስ እስረኛ ነው፣ የሚል ሆነ።

የብድሩ ወለድ ሐራም መሆኑ ግልጽ ነው፤ ተበዳሪውም ስለዚህ ተውበት ማድረግ አለበት። ነገር ግን ዋናው ገንዘብ የሰው ሐቅ ነው፤ ወለድ አለበት ተብሎ አይካድም። ይህን የምናገረው ወለዱን ሰበብ አድርገው ብድሩን ሁሉ ለመብላት የሚሹ ሰዎች ስለ ገጠሙኝ ነው።

ገዥው በሻጩ ላይ ያለው መብት አይጠፋም። ይህን ዋስትና ሊቃውንት «ደማን አድ-ደረክ» ይሉታል፤ የተሸጠው ነገር የሌላ ሰው ሐቅ ሆኖ ከተገኘ ዋጋው ለገዥው እንዲመለስለት የሚያስይዝ ነው። ቤቱን ለማዳን ሲል የሻጩን ብድር ራሱ ሊከፍል ቢፈልግ፣ አስቀድሞ ከሻጩ ፈቃድን በጽሑፍ ይቀበል፤ ሳይጠየቅ የሌላውን ዕዳ የከፈለ ሰው ከሊቃውንት በአንዳንዶቹ ዘንድ እንደ በጎ አድራጊ ይቆጠራልና፣ በኋላ መልስልኝ ለማለት ይቸገራል።

የሻጩ በደል ምንድን ነው? መበደሩ አይደለም፤ መደበቁ ነው። ገዥና ሻጭ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ቢገልጡ ንግዳቸው እንደሚባረክ፣ ቢደብቁና ቢዋሹ ግን በረከቱ እንደሚጠፋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ሐኪም ኢብን ሒዛም አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። በመያዣ የታሰረ ቤት ጣሪያው ከሚያፈስስ ቤት የባሰ ጉድለት አለበት፤ የሚያፈስሰው ይጠገናል። ወኪሉም ቢሆን፣ «እኔ መልእክተኛ ነኝ» በማለት አያመልጥም፤ እያወቀ ዝም ካለ የበደሉ ተካፋይ ነው።

አንተም በሩቅ አገር ያለህ ገዥ፣ ወንድሜን አምናለሁ ብለህ አትተኛ። ወንድምህ ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ መዝገብን ማንበብ ግን ከታማኝነት የተለየ ሥራ ነው። ካርታው በማን ስም እንደሆነ ይታይ፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጥ ማስረጃ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይውጣ፤ የግብር፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ ደረሰኝም ይጠየቅ። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ ነው፤ በመዝገብ ካልገባም በሌሎች ባለመብቶች ላይ አይጸናም። የሽማግሌ ወረቀት መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ብድር ያለበትን ቤት መግዛት ከወደድህም መንገድ አለው፤ ባንኩ ባለበት ሦስታችሁ ትዋዋላላችሁ፤ ከዋጋው የብድሩ ልክ በቀጥታ ለባንኩ ይከፈላል፤ የቀረውም ስሙ ሲዛወር ለሻጩ ይሰጣል። የገጠር መሬትማ ከቶ አይሸጥም፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጹ የመሬትን ሽያጭ ከልክሏልና፣ በኮሶዬ ዳገት ላይ ማሳ ገዛሁ ብሎ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሻጩ ያልነበረውን ይገዛል።

አሁን ደግሞ ዕዳውን በባዕድ አገር ትቶ ወደ መጣው ወንድማችን እንመለስ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥድፊያ ተመለሱ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሰው በመተማ በኩል ገባ። ከእነዚህ መካከል የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ በዱቤ የወሰደውን ሳያወራርድ የመጣ አለ። ድንበር ዕዳን አይሰርዝም፤ ጦርነትም አይሰርዝም፤ ባለገንዘቡ እስላም ባይሆንም ሐቁ ሐቅ ነው። ሰይዲና ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ፣ ሊገድሏቸው የተማከሩባቸው ሰዎች ያስቀመጡትን አደራ ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ሰይዲና ዓሊን (ረ.ዐ.) በመካ መተዋቸውን የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል። ያጣ ሰው ፋታ ይሰጠዋል፤ ያለው ሰው ማዘግየቱ ግን ግፍ ነው። ባለገንዘቡ የጠፋበት ይፈልገው፤ ወራሾቹንም ይጠይቅ፤ ዕዳውን ከነመጠኑ በኑዛዜው ይጻፍ፤ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በባለገንዘቡ ስም ይመጽውት፤ አንድ ቀን ቢመጣና ምጽዋቱን ባይቀበል ግን ይክፈለው።

ሦስት ዲናር ዕዳ የነበረበትና መክፈያ ያልተወ ሰው ጀናዛ በቀረበ ጊዜ፣ አቡ ቀታዳህ ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልሰገዱበትም ነበር።

ቡኻሪ የዘገቡትን የአዝ-ዙበይር ኢብን አል-ዐዋምን (ረ.ዐ.) ነገር ደግሞ ተመልከት። በ36 ዓመተ ሂጅራ ሲሞቱ በመዲና 11 ቤት፣ በበስራ 2፣ በኩፋ 1፣ በምስርም 1 ቤት፣ አል-ጋባ የሚባል መሬትም ነበራቸው፤ ጥሬ ገንዘብ ግን አልነበራቸውም፤ ዕዳቸውም 2,200,000 ነበረ። ሰዎች አደራ ሊያስቀምጡ ሲመጡ፣ ቢጠፋ ሐቃቸው እንዳይቀር፣ ብድር ይሁን እያሉ ይቀበሉ ስለ ነበር ነው። ልጃቸው ዐብዱላህ በ170,000 የተገዛውን አል-ጋባን በ1,600,000 ሸጠው ዕዳውን ከፈሉ። ወራሾቹ፣ «አሁንስ ድርሻችንን አካፍለን» ባሏቸው ጊዜ እንቢ አሉ፤ ባለገንዘብ ከሩቅ አገርም ሊኖር ይችላልና፣ ከየአገሩ ሰው በሚሰበሰብበት በሐጅ ወራት፣ በአዝ-ዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ እያሉ 4 ዓመት አስነገሩ። አራተኛው ዓመት ካለፈ በኋላ የኑዛዜውን ሲሶ አውጥተው የቀረውን አካፈሉ፤ ለአራቱ ሚስቶችም ለእያንዳንዳቸው 1,200,000 ደረሳቸው።