ይርጋና ኅሊና

በጥንታዊት ሮም አንድ እንግዳ ሥርዓት ነበረ። ሰው ሞቶ ወራሹ ንብረቱን ሳይረከብ ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞ አንድ ዓመት ቢቆይ፣ የራሱ አለመሆኑን እያወቀ እንኳ ባለቤት ይሆን ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሕግ ሊቅ ጋይዮስ ምክንያቱን ሲገልጥ፣ ወራሾች እንዳይዘገዩና አበዳሪዎች የሚጠይቁት ሰው እንዲያገኙ ነው ይላል። በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን ግን እውነተኛው ወራሽ ንብረቱን እንዲያስመልስ ተፈቀደ።

ጥያቄው ለእኛም ቅርብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወንድና ሴት ልጆችን በውርስ እኩል ያደርጋል። ሆኖም በአንቀጽ 1000 መሠረት፣ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቀ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። እንግዲህ አባት በቦንጋ አካባቢ ቢያርፍ፣ ወንድ ልጅ ቡናውን፣ ቀፎውንና ቤቱን ጠቅልሎ ቢይዝ፣ ወደ ዴቻ የተዳረች እኅቱም ወንድሜን ዳኛ ፊት አላቆምም ብላ ዝም ብትል፣ ዓመታቱ ሲያልፉ ድርሻዋ የእርሱ ይሆናልን?

ሕግ ለክስ ገደብ የሚያበጀው በከንቱ አይደለም። ምስክር ይሞታል፣ ሰነድ ይጠፋል፣ ክርክርም ማብቂያ ያሻዋል። ነገር ግን የክስን በር መዝጋትና የሰውን ገንዘብ የራስ ማድረግ አንድ አይደሉም። ዳኛም ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ የሚያነሣው ተከሳሹ ነው። ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ በሰውዬው ኅሊና ላይ ይወድቃል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር አላመነታችም። እ.ኤ.አ. በ1215 የተደረገው 4ኛው የላተራን ጉባኤ ቅን ልቡና የሌለበት ይርጋ እንደማይጸና ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው ሕገ ቀኖናም በቁጥር 198 ቅንነቱ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በዘመኑ ሁሉ እንዲኖር ያዛል። የሌላ ድርሻ መያዙን በ10ኛው ዓመት የተረዳ ሰው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በቅን ልቡና ይዣለሁ ሊል አይችልም።

«አባቴን የጦርኩ፣ ግብሩን የከፈልኩ፣ ቡናውን ያረምኩ እኔ ነኝ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ድካም ዋጋ አለው። ዋጋው ግን እኅት ባለችበት፣ በሽማግሌዎች ፊት ይታሰብ። የእርሷ ዝምታ ስጦታ የሚሆነው ድርሻዋን አውቃ በፈቃዷ ስትተወው ብቻ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ሆይ፣ ሰባተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ይህንንም አንሡ። ዘኬዎስ ለመመለስ ቃል ሲገባ ስንት ዓመት እንዳለፈ አልጠየቀም።