አድማና ጥሩምባ

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር አክስቴ ለስኳር ሕመሟ ቀጠሮ ከነበራት ሆስፒታል ሳትታይ ተመለሰች። የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ በከፊል ሥራ ያቆሙበት ሰሞን ነበር። ነጠላዋን እያወለቀች «አድመኞች!» አለች። ልቤ ከባለሙያዎቹ ጋር ስለነበር ልከራከራት ብድግ አልኩ፤ ቃሉ ግን ያዘኝ።

አድማ በአማርኛችን ሥራ ማቆም ብቻ አይደለም፤ ሤራም ነው። ያደመ ሰው በጓዳ የመከረ፣ በሹክሹክታ የዶለተ ነው። ሠራተኛው ገና ጥያቄውን ሳያሰማ ስሙ ፈርዶበታል። ማኅበር ሲባል ግን ጽዋው፣ እድር ሲባል ድንኳኑና ንፍሮው ይታወሰናል። አክስቴ ራሷ የሁለት እድር አባል ናት፤ መዋጮዋን አሳልፋ አታውቅም። አብሮ መቆምን የምትጠላ ሴት አይደለችም። ታዲያ በእድርና በአድማ መካከል ድንበሩ የቱ ጋ ነው?

«እድር ይረዳል፣ አድማ ይጎዳል» ማለት አያዋጣም። እድርም ያስገድዳል፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ልዩነቱ ይልቅ ይህ ነው፦ ሞት ተከሳሽ የለውም። ማሽን ጣቱን ለቆረጠው ሠራተኛ ማዋጣት የእድር ወግ ነው፤ «ማሽኑ ለምን መከለያ የለውም?» ብሎ መጠየቅ ግን የሚጠየቅ ሰው ይፈልጋል። የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የጉዳት ካሳ የመጡት እንዲህ ካለው ጥያቄ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እንወደዋለን፤ አንበሳው ማን እንደሆነ እስካልተነገረ ድረስ። በአገራችንም ሕግ በግልጽ ሳይፈቅድላቸው በፊት ሠራተኞች ይሰባሰቡ የነበረው በእድርና በመረዳጃ ስም ነበር። የወንጂ ስኳር ሠራተኞችን የመሳሰሉት ተባብረው በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን ሲያቋቁሙ፣ ሰዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው የሚጠይቁት ነገር ነው።

እዚህ ድረስ አክስቴን የረታኋት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ልጄ፣ አሠሪያቸው እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ስኳር ፋብሪካ ሲቆም አገዳው ይደርቃል፣ ባለቤቱ ይከስራል፤ ጫናው መልስ መስጠት በሚችለው ሰው ላይ ያርፋል። የመንግሥት ሆስፒታል ሲቆም ግን ከባለሥልጣኑ ኪስ ሳንቲም አይጎድልም። ጫናው እሱ ዘንድ የሚደርሰው በአክስቴ ሰውነት በኩል አልፎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (ቁጥር 1156/2011)፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ባይመለከትም፣ ሆስፒታልን ከመብራትና ከውኃ ጋር ደምሮ አድማ የከለከለው ይህን ፈርቶ ይመስለኛል።

መልስ ፈለግሁ። የተሻለ ኑሮ ፍለጋ አንድ በአንድ አገር ጥለው የሚሄዱ ሐኪሞችና ነርሶችም አክስቴን ይጎዷታል፤ ወንበራቸው ባዶ ይቀራል፣ ወረፋው ይረዝማል። እነሱን ግን አድመኛ የሚላቸው የለም፤ እንዲያውም ሽኝት ይደገስላቸዋል። የሚያስቆጣን እንግዲህ አብረው ማድረጋቸው ነው አልኳት። ጥቂት አሰበችና «የሄደው አላየኝም፤ ይኼኛው ዓይን ዓይኔን እያየ ነው የመለሰኝ» አለች። ለዚህ አሁንም መልስ የለኝም።

ቀጠለች፦ «ለመሆኑ እኛን ለምን አልነገሩንም? እድር እንኳ ጥሩምባ ያስነፋል።»

ጥሩምባውን አላሰብኩትም ነበር። ሕጉ አድማ ከሚፈቅድላቸው ሠራተኞች የ10 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ በዚያ ማስታወቂያ ውስጥ ግን የአገልግሎቱ ተጠቃሚ የለም። ሤራን ከማኅበር የሚለየው ምናልባት ይህ ነው፦ ሤራ ያንሾካሹካል፣ እድር ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ጥሩምባ እንዲነፋ ግን የማይታሰር ነፊ ያስፈልጋል። በዚያ ግንቦት የታሰሩ ባለሙያዎች ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኞች ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42ም ከመካከላቸው እነማን ይደራጁ የሚለውን ለዝርዝር ሕግ ትቶታል። ጥሩምባ የተነጠቀ ሰው የሚቀረው ሹክሹክታ ነው፤ ሲያንሾካሹክ ደግሞ አድመኛ እንለዋለን።

አድማ የሕያዋን እድር ነው ብዬ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። ስለ ፋብሪካው አሁንም እጽፈዋለሁ። ስለ ሆስፒታሉ የምደፍረው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፦ የሰው እጅ ያሰረ ጆሮውን የመስጠት ዕዳ አለበት፤ ሥራ የሚያቆምም መጀመሪያ መንገር ያለበት ወረፋ ላይ ለተቀመጠችው ሴት ነው።

ይህን ለአክስቴ ነገርኳትና ቢነግሯት ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ምሳዬን ቋጥሬ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር» አለች። ቆየት ብላ «ወይም እረግማቸው ነበር። መቼ ተነገረኝና!»