አጣናና አጀል

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በማርያም ክብረ በዓል ዕለት፣ በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ በግንባታ ላይ በነበረ ቤተ ክርስቲያን የቆመ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። ያ ዓይነቱ መወጣጫ ለወልድያና ለመርሳ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፎቅ ሲጀመር የባሕር ዛፍ አጣና ይደረደራል፣ በምስማር ይመታል፣ ጥንካሬውንም የሚለካው የፎርማኑ ዓይን ነው። አደጋ ሲደርስ ክርስቲያኑ «ቀኑ ደርሶ ነው»፣ ሙስሊሙ «አጀሉ ደርሶ ነው» ይላል። ለሐዘንተኛ ይህ መጽናኛ ነውና ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ነገሩ የሚከፋው ያው ቃል ከለቅሶው ድንኳን ወጥቶ የአሠሪው መከላከያ ሲሆን ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ አንዳንድ ግንባታዎች ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠበቃሉ። ካሜራው የራስ ቁር ያላደረገውን ሠራተኛና መከለያ የሌለውን የወለል ጠርዝ ይለያል፤ መወጣጫው ላይ የታሰረ መሣሪያ ደግሞ ማዘንበሉንና የተሸከመውን ጭነት እየለካ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ «አላወቅሁም ነበር» የሚለውን መሸሸጊያ ማፍረሱ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሰው ቢወድቅ የደሙን ዕዳ የሚጥለው በቤቱ ላይ እንጂ በወዳቂው ዕጣ ላይ አይደለም። ቲርሚዚ በዘገበው ሐዲስም ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው የተሰጠው መልስ መጀመሪያ ማሰርን ያዝዛል። ሁለቱም ትእዛዞች የተሰጡት ፈጣሪ ሁሉን እንደሚያውቅ ለሚያምን ሰው ነው። በሉቃስ ወንጌል የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች አለመሆናቸውም ተነግሯል። (ምንባቡ ስለ ንስሐ እንጂ ስለ ግንበኛው አያወራምና ከዚህ በላይ ልጎትተው አልችልም።)

እግዚአብሔር የሰወረውን ለማወቅ መሻት ድፍረት ነው የሚል ይኖራል። የአጣና መዝመም ግን የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። ግንበኛው ከጥንት ጀምሮ ቱምቢ ያወርዳል፤ ቱምቢ ማውረድን በፈጣሪ ላይ ማመፅ ነው ያለ አልሰማንም። ካሜራው ዓይኑ የበዛ ቱምቢ ነው። ይልቅ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ የራስ ቁር ባልተገዛበት፣ የወገብ ቀበቶ በማይታወቅበት ሳይት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ይሠራል? ጥያቄው እውነት አለው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ሠራተኛውን እንዲያሠለጥን አስቀድሞ ግድ ብሎታል፤ ያ ሳይፈጸም የሚገባ ካሜራ ድህነትን ፎቶ ከማንሳት አያልፍም። በብረት መወጣጫ ምስሎች የሠለጠነ ፕሮግራምም ለመርሳ የባሕር ዛፍ ርብራብ ባዕድ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ፤ ቴክኖሎጂው አያስፈልግም የሚለውን መደምደሚያ ግን አልቀበልም፣ ምክንያቱም የፎርማኑ ዓይን ይደክማል፣ ይላመዳል፣ አንዳንዴም አይቶ ዝም ይላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዓይኑ ወደ ማን እንደሚዞር ነው። ካሜራው ባዶ ራስ ያያል፤ የራስ ቁሩን ያልገዛውን ባለንብረት አያይም። እንዲህ ከቀጠለ ከገጠር የመጣው ቀን ሠራተኛ ባልተሰጠው ዕቃ የቀን ክፍያው ይቆረጣል፣ የደሙ ዕዳም ዞሮ ወደ ራሱ ይመለሳል። ዘዳግም ያዘዘው ግን ወዳቂው እንዲጠየቅ አይደለም። ማስጠንቀቂያው በመጀመሪያ ለአሠሪውና ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሊደርስ፣ ሥራውን ሊያስቆም፣ የሠራተኛውን የዕለት ገቢ ግን ሊነካ አይገባም። አሁን አርማታ እየተሞላ፣ ሚክሰሩ እየዞረ ማስጠንቀቂያው ቢጮህ «አቁሙ» የማለት ሥልጣኑ ብዙ ጊዜ የሚያዘው የተቦካው ሲሚንቶ እንዳይደርቅበት በሚሰጋው ሰው እጅ ነው።