ጠርሙሱ ያው፣ ሽታውስ?

በመኝታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ሁለት የሽቶ ጠርሙሶች ቆመው ነበር። ስማቸው አንድ፣ ቅርፃቸው አንድ፤ የአንደኛው ክዳን ወርቃማ ቀለሙ ተልጧል። የተላጠው የአንድ ጓደኛችን እናት የነበረ ነው። እናቱ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ከጠርሙሱ ሥር ግን አንድ ጣት የማይሞላ፣ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ቀርቷል። ሁለተኛውን የአክስቱ ልጅ ከውጭ አገር ስትመጣ «የእማማን ሽቶ አገኘሁልህ» ብላ ያመጣችለት ነው። ከፈተው፣ አሸተተው፣ መልሶ ከደነው።

«ይሄ እሷ አይደለችም» አለ።

ከዚያች ቃል ተነሥተን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ግማሾቻችን «ስሙ ያው፣ ሠሪው ያው፣ ምን ትፈልጋለህ? ሐዘን ነው አፍንጫህን የዘጋው» አልነው። የሽቶውን ስም እዚህ አንጠራም፤ ለክርክሩም አይጠቅምም።

ጓደኛችን ግን አልተሳሳተም። የታወቁ ሽቶዎች ስማቸው እንዳለ ቀመራቸው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የጌርላን «ሚትሱኮ» በኦክ ዛፍ ላይ የሚበቅለውን ሽበት መሠረት አድርጎ የተቀመመ ነበር። ይህ የዛፍ ሽበት የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ የሚያስቆጣ ነገር እንዳለበት ስለታወቀ አጠቃቀሙ ቀስ በቀስ ተገደበ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 ባወጣው ደንብ በውስጡ ያሉትን ሁለት ዋና ዋና አለርጂ ቀስቃሾች ከመዋቢያ ዕቃዎች ከለከለ። እንግዲህ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው ሚትሱኮ የ1919ኙ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ለዚህ ማን ይወቀሳል? ለሽታ ሲባል የሰው አንገት ይቁሰል የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረን።

«ሚስ ዲዮር» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የወጣው በ1947 ነው። በ2005 «ሚስ ዲዮር ሼሪ» የተባለ፣ ከመጀመሪያው ጋር እምብዛም የማይዛመድ ጣፋጭ ሽቶ ተሠራ። ከዓመታት በኋላ «ሼሪ» የምትለዋ ቃል ተነሣችና ልጅቱ የእናቲቱን ስም ወረሰች። እናቲቱም በገዛ ስሟ ላይ ቅጽል ተለጥፎላት ወደ ጥግ ተገፋች።

እኛን በቅርብ የሚነካን ግን የዝባድ ነገር ነው። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት መሆኑን፣ አገራችንም ለብዙ ዘመን በቀንድ እያሸገች ለዓለም ስትሸጠው መኖሯን ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። በጥሬው ይከረፋል። በጥቂቱ ሲገባ ግን የአበባውን ሽታ ያሞቀዋል፣ ቆዳ ላይም ያቆየዋል። ኤርነስት ቦ በ1921 በቀመመው ሻኔል ቁጥር 5 ውስጥም ዝባድ ነበረ፤ ኩባንያው ከ1998 ጀምሮ በሰው ሠራሽ እንደተካው ገልጿል። የድሮው ሽቶ ሙቀት ነበረው እያሉ የሚቆጩ ሰዎች አሉ። ሙቀቱ የሚመጣው እኮ እንደ ልቡ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ቤት ታስሮ፣ በየጊዜው ተይዞ ከሚፋቅ እንስሳ ነው! በሌላ በኩል ያን ቀንድ ሸጦ ቤቱን የሚያስተዳድር ገበሬም ነበረ። ቀመሩ ሲለወጥ ስለ እሱ የተቆጨ የሽቶ ወዳጅ እስከ ዛሬ አልገጠመንም።

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ የጻፈውን ታስታውሳላችሁ። አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ሲተኩ፣ ፈላስፎቹ «ያችው መርከብ ናት»፣ «አይደለችም» በሚል ተከፈሉ። ሆብስ ደግሞ በ1655 በታተመው መጽሐፉ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ መልሶ ቢገጥማቸውስ? የትኛዋ ናት እውነተኛዋ? በክፍል ስንማረው የሥራ ፈቶች ጨዋታ መስሎን ነበር። አሁን ሁለቱም መርከቦች ክዳናቸውን አድርገው ፊታችን ቆመዋል።

ስለዚህ ሙከራ አደረግን። ነጭ ወረቀት በቀጫጭኑ ቆርጠን፣ አንዱን ካሮጌው፣ አንዱን ካዲሱ ነክረን፣ ቁጥር ጻፍንበትና ጓደኛችንን ዓይኑን በፎጣ ሸፍነን አሸተትነው። ሁለተኛውን ሲያሸት ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለሠርግ ስትወጣ» አለ።

አዲሱ ነበር።

ማንም አልሳቀም። ወረቀቶቹን መስኮቱ ላይ ትተን ሻይ ጠጣን። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ስናስሸትተው ያንኑ ወረቀት ገፋ አድርጎ ሌላኛውን ያዘ። «አይ፣ ይሄ ነው። ስትመለስ፣ ነጠላዋ ላይ የሚቀረው።» ይህ ደግሞ አሮጌው።

ነገሩ ተአምር አይደለም። ሽቶ ሲነካ ቀድሞ የሚተነው እንደ ሎሚ ያለው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ሲቆጠሩ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው። የእናቱ ጠርሙስ መግቢያው ኮምጥጧል፣ መሠረቱ ግን አለ። ያዲሱ መግቢያ ደኅና ነው፣ መሠረቱ ግን ሳስቷል። አንዱ ባለበት ቆሞ ተለወጠ፣ ሌላው ተተክቶ ተለወጠ። ሆብስ የረሳው ነገር ቢኖር የተሰበሰቡት ሳንቃዎችም መበስበሳቸውን አለማቆማቸውን ነው! በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ከተማ ከ1990 ጀምሮ ኦስሞቴክ የሚባል የሽቶ ቤተ መዛግብት አለ። የጠፉ ሽቶዎችን በቀድሞ ቀመራቸው እንደገና እየቀመመ ከአየር ለመጠበቅ በአርጎን ጋዝ ሥር፣ በ12 ዲግሪ ያስቀምጣል። ምናልባት ከሁለቱ ጠርሙሶች ይልቅ እውነተኛው እንዲያ ያለው፣ ትናንት የተቀመመው ይሆናል። ይህን ስንነግረው ጓደኛችን ትከሻውን ነቀነቀ።

ታዲያ ያዲሱ ጥፋት ምኑ ላይ ነው? መለወጡ ላይ ነው ብለን አናምንም። የቤታችን እርሾ ከትናንቱ ሊጥ ለዛሬው፣ ከጎረቤት ለጎረቤት እየተላለፈ ይኖራል፤ ከመጀመሪያው ዱቄት አንዲት ቅንጣት ሳይቀር እንኳ «የእናቴ እርሾ» ስንል አልዋሸንም። ጤፍ ሲወደድ ማሽላ የምትደባልቅ ሴትም አታላይ አይደለችም። እንግዳዋን «ዘንድሮ ደባልቀንበታል፣ እንግዲህ ቻሉት» ትላለች፤ እንግዳውም ቆርሶ ይበላል። የዝምታው ነው ጣጣው። ሽቶ ቀመሩ ምሥጢር ነው። በካርቶኑ ላይ ከጥቂት አለርጂ ቀስቃሾች በቀር ዝርዝሩ ሁሉ «ፓርፉም» በምትል አንዲት ቃል ውስጥ ተደብቋል። ገዢው ሲጠራጠር «አፍንጫዬ ነው የከዳኝ» ይላል። እኛ ራሳችን ያን ሌሊት ጓደኛችንን እንዲሁ አይደል ያልነው?

አንዱ ከመካከላችን «ስሙ የባለ ፋብሪካው ንብረት ነው፤ የፈለገውን ቢጨምርበት ማን ይከለክለዋል?» ብሎ ሞግቶናል። በሕግ ልክ ነው። ነገር ግን ያን ስም ዋጋ ያሰጠው ፋብሪካው ብቻ አይደለም። ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙት፣ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ የነኩት፣ በልጆቻቸው አፍንጫ ውስጥ ያኖሩት እናቶችም አሉበት። ስሙን የሚገዛው ሰው ይህንንም ጭምር ነው የሚገዛው፤ ሻጩም ያውቀዋል፣ ማስታወቂያውም የሚሠራው በዚሁ ነው። ቢያንስ «ለውጠነዋል» የምትል አንዲት መሥመር ካርቶኑ ላይ ምን ትጎዳ ነበር?

በማግስቱ የጓደኛችን ታላቅ እህት ጠርሙሱን ልትወስድ መጣች። ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና «ለመሆኑ ስንት ጠብታ አጠፋችሁ?» አለችን።

«አራት» አልናት።

ስድስት ነበር።