በደጃፍ ለቆመው የሚገባው ክብር

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ባለማዕረግ ወይም ሽማግሌ ሲገባ «ኖር» ብለን እንነሣለን፤ መልካም ልማድ ነው። እንጨት ተሸክማ የምታድር ድኻ ወደ ጸሎት ቤታችን ስትገባስ ማን ይነሣላታል? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 ባለወርቅ ቀለበቱን በክብር ስፍራ አስቀምጠው ድኻውን ያቆሙትን ምእመናን ገሠጻቸው፤ ተግሣጹ ለእኛም ነው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠ ሰው ነበረ፤ አስቴር ጋኖም የባርነትን ቀንበር ያየች ነበረች። በ1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን እግዚአብሔር በእነዚህ እጅ ሰጠን። እንግዲህ በደጃፍ የቆመው ማን እንደ ሆነ በምን እናውቃለን?

ባለፈው እሑድ (ብናፍርበትም እንናገረዋለን) አንዲት ባልቴት ስብከቱ እስኪፈጸም በበሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። በአግዳሚው ላይ ስፍራ ነበረ።