ለሚጠይቅ ሕፃን እውነትን ስለ መስጠት

«ዳይኖሰር» የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም፥ ዛሬ ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። የእነዚህ የጥንት እንስሳት ሥዕል በደብተር ሽፋን፥ በሕፃናት ልብስና በቴሌቪዥን ይታያል። ስለዚህ አንድ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሕፃን ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ቀርቦ «እነዚህንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውን? ኖኅስ ወደ መርከቡ አስገብቷቸው ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ ሊያስደንቀን አይገባም። የሚያሳስበው ጥያቄው ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ነው። «ዝም በል፤ ይህን መጠየቅ ኃጢአት ነው» የሚል አለ። «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ተረት ነው» የሚልም አለ። ልጁን ለማስደሰት ሲል የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ የሚናገርም አይጠፋም። ሦስቱም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ለሕፃኑ የሚገባውን እውነት ይነፍጉታል። እንግዲህ ስለ ጥንታዊው ፍጥረት ስናስተምር ለትንሽ ልጅ ያለብን የእውነት ዕዳ እስከ ምን ድረስ ነው?

አስቀድመን ነገሩ ከእኛ የራቀ አለመሆኑን እንረዳ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ የመንዝ ከተማ ናት። በዚያ ደጋ የሚኖር ሕፃን በየማሳውና በየግድግዳው የሚያየው ጥቁር ድንጋይ፥ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው፤ የደጋው ዋነኛ ክፍል ዕድሜ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ከደጋው ወደ ምዕራብ፥ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ ቁልቁለቱን በገፋ መጠን ዕድሜው እየራቀ የሚሄድ ድንጋይ ያገኛል። ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የአሸዋ ድንጋይ፥ ከዚያም በታች የጭቃ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተነባብረዋል። ከእነዚህ አንዱ፥ ሊቃውንት በሙገር ስም የሚጠሩት የጭቃ ድንጋይ፥ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ የኢትዮጵያ ደጋ ከዚሁ ንብብር የዳይኖሰር ጥርሶች መገኘታቸውን በጽሑፍ አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናትም ከጥርሶቹ መካከል የሥጋ በሎችና የዕፅ በሎች እንዳሉበት አብራራ። ስለዚህ «የፈረንጅ ተረት ነው» ለሚል ሰው መልሱን የሚሰጠው የገዛ አገራችን ገደል ነው።

ይሁን እንጂ «150 ሚሊዮን ዓመት» የሚለው ቁጥር ለሕፃን ቀርቶ ለአዋቂም ባዶ ድምፅ ነው። ብልህ መምህር ቁጥሩን በእግር ያስለካዋል። ልጆቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ፥ አንዱን እርምጃ እንደ 1 ሚሊዮን ዓመት እየቆጠሩ ወደ ኋላው ዘመን እንዲራመዱ ያደርጋል። ሦስተኛውን እርምጃ ጥቂት እንዳለፉ፥ እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር ከተገኘችው ከድንቅነሽ ዘመን ይደርሳሉ። በ30ኛው የመንዝ ጥቁር ድንጋይ፥ በ66ኛው የታላላቆቹ ዳይኖሰሮች መጥፋት፥ በ150ኛው ደግሞ የእነዚያ ጥርሶች ባለቤቶች አሉ። ልጆቹ በድንቅነሽና በመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች መካከል ከ60 እርምጃ በላይ እንዳለ በእግራቸው ስለ ለኩት፥ ሰውና ዳይኖሰር አብረው አለመኖራቸውን ሌላ ማስረጃ ሳይሹ ይረዱታል። በመጨረሻ መምህሩ «ጌታችን ከተወለደ ጀምሮ ያለው 2000 ዓመትስ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። የልጅ እርምጃ ግማሽ ሜትር ቢሆን፥ መልሱ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዲት የጤፍ ቅንጣት ያህል። በዚህ ጊዜ መምህሩ ሊናገረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በመጠን ማነስ በክብር ማነስ አይደለም፤ የዘመናት ጌታ ሰው ሆኖ የጎበኘን በዚያች በቅንጣቷ ዘመን ነውና።

ሌላም የእጅ ሥራ አለ። ልጆቹ በለሰለሰ የሸክላ ጭቃ ላይ ቅጠል ወይም የዶሮ እግር ያትማሉ። ቅጠሉ ሲነሣ መልኩ በጭቃው ላይ ይቀራል፤ ቅሪተ አካል በድንጋይ ላይ አሻራውን እንዴት እንደሚተው ከዚህ ይማራሉ። ደግሞም መምህሩ በሣጥን ውስጥ አፈር፥ አሸዋና አመድ በየተራ ደርቦ የዶሮ አጥንት ይቀብርና ልጆቹ በብሩሽ ቀስ ብለው እንዲፈልጉት ያደርጋል። አዕዋፍ ከዳይኖሰሮች ወገን መምጣታቸውን የዘመኑ ሊቃውንት ስለሚያስተምሩ፥ የዶሮ አጥንት ለዚህ ሥራ አግባብ አለው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥቃቅን የሚመስል የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣል። አጥንቱን የቀበረው መምህሩ ነው። ልጁ በደስታ «ዳይኖሰር አገኘሁ!» ብሎ ሲጮኽ መምህሩ «አዎን፥ አገኘህ» ቢለው ዋሽቷልን? ሁለቱም ጨዋታ መሆኑን እስካወቁ ድረስ ጨዋታ ሐሰት አይደለም። አንዱ ብቻ ካወቀ ግን ጨዋታነቱ ያበቃል፤ ማታለል ይሆናል። ስለዚህ መምህሩ «ይህ እኔ የቀበርሁት የዶሮ አጥንት ነው። እውነተኞቹ ተመራማሪዎች ግን ማንም ሰው ያልቀበረላቸውን ይፈልጋሉ፤ ብዙ ቀንም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ» ሊል ይገባዋል። የልጁ ደስታ በዚህ አይቀንስም፤ በመምህሩ ላይ ያለው እምነት ግን ይጸናል።

ድንጋይን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ከእምነት የሚያርቅ ለሚመስለው ሰው የኒኮላስ ስቴኖን ሕይወት እንጠቁመዋለን። ይህ ዴንማርካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1666 በኢጣልያ የአንድ ትልቅ ሻርክ ራስ ሲመረምር፥ ሰዎች በዓለት ውስጥ እያገኙ «የምላስ ድንጋይ» ይሉት የነበረው ነገር የጥንት ሻርክ ጥርስ መሆኑን ተረዳ። በ1669 ባሳተመው ጽሑፍም ሳይናወጥ በቆየ የድንጋይ ንብብር ውስጥ ከታች ያለው ከላይ ካለው እንደሚቀድም አስተማረ። በእነዚህ ዓመታት መካከል፥ በ1667፥ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በኋላም ካህን፥ በ1677 ደግሞ ጳጳስ ሆነ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1988 ብፅዕናውን አወጁ።

እንግዲህ ስለ ኖኅ ለጠየቀው ሕፃን ምን እንበለው? ቀላሉና እውነተኛው መልስ ይህ ነው፦ «ዳይኖሰሮችንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ነገር ግን ሰው ከመኖሩ እጅግ አስቀድመው ስለ ጠፉ በኖኅ ዘመን አልነበሩም።» ልጁ እያደገ ሲሄድ ደግሞ ኦሪት ዘፍጥረት የድንጋይን ዕድሜ ለመቁጠር ሳይሆን፥ ማን እንደ ፈጠረን፥ ለምን እንደ ፈጠረንና ከምን እንደ ወደቅን ሊያስተምረን እንደ ተጻፈ እናስረዳዋለን። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም፤ ቃሉን ሰምቶ የተናጋሪውን ሐሳብ ያልመረመረ አድማጭ ገና አልሰማም እንላለንና። የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤም በ1965 ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ የቅዱሳት መጻሕፍትን የአጻጻፍ ስልት እንድናስተውል አስተምሯል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት የአዝጋሚ ለውጥ ትምህርት ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ሲቀበሉ፥ የሰው ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር የምትፈጠር መሆኗን አጽንተዋል።

«ልጆቹ ገና ጨቅላዎች ናቸው፤ ይህን ሁሉ ቢሰሙ እምነታቸው አይናወጥምን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሥጋታቸው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ለጨቅላ ሁሉን በአንድ ቀን መንገር ተገቢ አለመሆኑም እርግጥ ነው። ነገር ግን ጥቂት እውነት መንገር አንድ ነገር ነው፤ ሐሰት መንገር ሌላ። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ከ1600 ዓመታት በፊት ስለ ኦሪት ዘፍጥረት ሲጽፍ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ትቶልናል። ክርስቲያኖች በምርመራ ስለሚታወቀው የተፈጥሮ ነገር ስሕተት ሲናገሩ የሰማ ሰው፥ ስለ ትንሣኤና ስለ ዘላለም ሕይወት የሚነግሩትንም አያምናቸውም። ዛሬ ስለ አጥንቶች የተሳሳተ ነገር የነገርነው ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ እውነቱን ሲያገኝ የሚጠረጥረው የድንጋዩን ትምህርት ብቻ አይሆንም፤ ስለ ቅዱስ ቁርባን የነገርነውንም ነው።

ዕዳው በሌላው ወገን ላይም አለ። የሳይንስ መምህር «አጥንቶቹ እግዚአብሔር አለመኖሩን ያሳያሉ» ቢል ከሙያው ወሰን አልፏል። ጥርሱ የእንስሳውን ምግብና ዘመን ይናገራል እንጂ ለምን አንዳች ነገር እንዳለ አይናገርም።

ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ የልጅን ጥያቄ አትፍሩ። የምታውቁትን በትክክል ንገሩት፤ የማታውቁትን «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» በሉት። ሁለቱም መጻሕፍት፥ ቅዱስ መጽሐፍም ፍጥረትም፥ የአንድ ጌታ ናቸውና፥ ገልጦ ለሚያነብ ልጅ መብራት መያዝ የእኛ ድርሻ ነው።