ስላለፈ ትርዒት መታሰቢያ

ሰው ከሄደበት አገር ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። ከገዳም የተመለሰ እመትና ጠበል ይዞ ይገባል፤ ከገበያ የተመለሰም ለልጆቹ ጥቂት ነገር ሳይቋጥር አይመጣም። ይህ የሰው ጠባይ በሌላው ዓለም የንግድ መንገድ ሆኖ በየመዝናኛው ሥፍራ በር ላይ የመታሰቢያ ጥራዝና ምልክት ሲሸጥ ወይም ሲታደል ይታያል። ጨዋታው ከፈረሰ፥ የተሳፈሩበትም ሰዎች አብዛኞቹ ካለፉ በኋላ እነዚያን ጥራዞች እየፈለጉ የሚያከማቹ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ይህ ሥራ ከንቱ ነውን ወይስ አንዳች ቁም ነገር አለበት? «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ዳሩ ግን ኀላፊውን ነገር መያዝ መቼ ስስት፥ መቼ ምስክርነት እንደሚሆን የሚመረምር ሰው ከዚህ ትንሽ ነገር ብዙ ያገኛል። ስለዚህ አንዱን ጥራዝ ለይተን እንመልከተው።

በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ 22 ቀን፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 ማለት ነው፥ በኒውዮርክ ከተማ ፍላሺንግ ሜዶውስ በተባለው ሥፍራ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፥ የእኛ ካላልን በቀር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥፍራው ቀድሞ የከተማው አመድ መጣያ ነበር። የኤግዚቢሽኑም ስም «የነገ ዓለም» ተባለ። ከዚያ ሁሉ ትርዒት ሕዝብ እየተሰለፈ ረጅም ሰዓት ቆሞ የሚጠብቀው፥ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአውቶሞቢል ኩባንያ ያዘጋጀው «ፊውቸራማ» ነበረ። ንድፉን ያወጣው ኖርማን ቤል ጌዲስ አስቀድሞ የቴአትር መድረክ በማስጌጥ የታወቀ ሰው ስለ ነበር፥ ተመልካቹን እንደ መላእክት ከላይ ሆኖ ምድርን እንዲያይ አደረገው። በሰንሰለት የተያያዙ 552 ወንበሮች በዝግታ ይሄዳሉ፤ ለተቀመጠውም ሰው ከወንበሩ የሚወጣ ድምፅ ያየውን ይተረጕምለታል። በታች የተዘረጋው በ1960 ትሆናለች የተባለችው አሜሪካ ናት፤ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ጥቃቅን ቤቶች፥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ዛፎች፥ 50,000 አውቶሞቢሎች። ከነዚህም 10,000ው እየተንቀሳቀሱ በሰፋፊ መንገዶች ላይ ይሄዱ ነበር። ጕዞው ሩብ ሰዓት ያህል ከፈጀ በኋላ ሰው ሲወጣ «መጪውን ዘመን አየሁ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ምልክት ይሰጡትና በልብሱ ላይ ይሰካዋል። ኩባንያው ደግሞ በ1940 «ፊውቸራማ» የሚል ባለ ሥዕል ጥራዝ አሳተመ። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚፈላለጉት ይህን ጥራዝና ያን ምልክት ነው።

እነሆ፥ «መጪውን ዘመን አየሁ» የሚለውን ቃል እናስተውል። ነቢይ እንኳ ይህን ቃል በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ ይናገረዋል እንጂ በደረቱ ላይ ሰክቶት በአደባባይ አይመላለስም። ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተ አራት ወር ሲሆነው፥ ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፥ ጀርመን ፖሎኝን ወረረች፤ የዓለምም ጦርነት ተጀመረ። የቼኮዝሎቫኪያ ቤት በዚያ ሜዳ ላይ ሲከፈት አገሪቱ አስቀድማ በመጋቢት ወር በጀርመኖች እጅ ወድቃ ነበር። ኢጣሊያም በዚያው ሜዳ ፏፏቴ የሚወርድበት ያማረ ቤት ሠርታ እንግዳ ትቀበል ነበር፤ በዚያን ጊዜ የእኛ አርበኞች በየዱሩ ስለ ነጻነታቸው ይሞቱ እንደ ነበር ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። ከወንበሩ ላይ ሆኖ ወደ 1960 ያየው ሰው ይህን ሁሉ አላየም፤ ከፊት ለፊቱ የቆመውን ዓመት ዘልሎ የሃያውን ዓመት አየ። ትርዒቱ በ1940 ጥቅምት ሲዘጋ የኤግዚቢሽኑ ዋና ምልክት የነበሩት ሹል ግንብና ታላቁ ሉል ፈርሰው ብረታቸው ለጦር መሣሪያ እንዲሆን ተሰጠ።

ሌላም ነገር አለ፤ እኔስ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ነው። ያ ግማሽ ሚሊዮን ቤት ያለበት አገር መጀመሪያ ሲሠራ ቤተ ክርስቲያን አልነበረበትም። መንገድ ታሰበ፤ ድልድይ ታሰበ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ታሰበ፤ የፍራፍሬው ዛፍ እንኳ አንድ አንድ እየተባለ በመስተዋት ተሸፈነ። የሚጸለይበት ቤት ግን ተረሳ። ክፉ አሳብ ነበረበት ማለት አይቻልም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ጠላት ሆኖ ያፈረሰ ሰው ቢያንስ መኖሩን ያውቃል፤ እነዚህ ግን ሳያስቡት ቀሩ። ሰዎች ስለዚህ ነገር ወቀሳ አቀረቡ። በ1940 ትርዒቱ ዳግመኛ ሲከፈት በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አብያተ ክርስቲያናት ተሠርተው በየመንደሩ ተተከሉ። አንድ ሰው ቅር እንዳይለው ተብሎ በኋላ የገባ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል ቤተ ክርስቲያን ነው? ይህን ጥያቄ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጥራዝ ማኖር ተገቢ ነውን? የሚቃወሙት ወገኖች ቃላቸው ቀላል አይደለም። ብልና ዝገት በሚያጠፋው መዝገብ ላይ ልብን መጣል እንደማይገባ ጌታችን አስተምሯል፤ ጥራዙን ቀርቦ ላየውም ትምህርቱ በዓይን ይታያል። የዚያ ዘመን ወረቀት ብጫ እየሆነ ይሰባበራል፤ ጥራዙን የያዘው የሽቦ ስፌትም እየዛገ ወረቀቱን ይበላዋል። በዚህ ላይ ሰብሳቢ እርስ በርሱ ይቀናናል፤ አንድ ያለው ሁለተኛ፥ ሁለት ያለውም ከሁለቱ የነጣውን ይፈልጋል። የገበያውም ሕግ የሚያስተዛዝብ ነው፤ ማንም ያልገለጠው ንጹሕ ጥራዝ ይወደዳል፥ አንድ አባት ለልጁ ስሙንና ቀኑን የጻፈበት ግን «ተበላሽቷል» ተብሎ ይረክሳል። ሰው የነካው ነገር ሰው ስለ ነካው የሚረክስበት ንግድ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ዳሩ ግን በኦሪት ዘጸአት የተጻፈውን የመናውን ነገር እናስብ። ለነገ ብለው በስስት ያሳደሩት መና ተልቶ ሸተተ፤ ለሚመጣው ትውልድ ምስክር እንዲሆን ታዝዞ በመሶበ ወርቅ የተቀመጠው ግን ተጠበቀ። መናው አንድ ነበረ፤ ማስቀመጥም ማስቀመጥ ነው። ልዩነቱ ለማን ተቀመጠ በሚለው ላይ ነው። ይህን ምሳሌ የወረቀት ጥራዝን ከቅዱሱ መና ጋራ ለማስተካከል አላመጣሁትም፤ ስለ ሰብሳቢው ልብ ስንናገር ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

እንግሊዛዊው ጆን ጆንሰን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ኀላፊ ሳለ፥ ሰው ሁሉ አንብቦ የሚጥለውን ማስታወቂያ፥ የቴአትር ወረቀት፥ የሱቅ ደረሰኝ ሳይቀር ሰበሰበ። እርሱ በ1956 ካረፈ በኋላ፥ በ1968 ስብስቡ ወደ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ይመረምሩታል። ታላላቅ መጻሕፍት ሰው ሊታመንበት የሚወደውን ይነግሩናል፤ የሚጣለው ወረቀት ግን በእውነት ሲመኝ የነበረውን ይነግረናል። የ«ፊውቸራማ»ም ጥራዝ እንዲሁ ነው። ያ ትውልድ የተመኘው ፈጣን መንገድ ነበረ፤ መንገዱንም አገኘ። በ1956 የአሜሪካ መንግሥት ታላላቆቹን አውራ ጎዳናዎች የሚያሠራ ሕግ አወጣ፤ አገሩም ተገናኘ፥ ንግዱም ሰፋ። በየከተማው ግን መንገዱ ሲያልፍ የድኆች ሠፈር፥ ይልቁንም የጥቁሮች ሠፈር እየፈረሰ ብዙ ሰው ከቤቱ ተነሣ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው መንደር ጥቃቅን ስለሆነ ማንሣቱ አይከብድም። ጥራዙን ዛሬ የሚገልጥ ሰው ያን ከላይ የማየት ደስታ በየሥዕሉ ያገኘዋል፤ በውስጡ የሰው ፊት ፈልጎ ለማግኘት ግን ይደክማል።

ስለዚህ ጥራዙን ቆልፎ ማንም እንዳይነካው የሚያደርግ ሰው፥ በእኔ አስተያየት፥ የሚጠብቀው ዋጋውን እንጂ ጥራዙን አይደለም። ገልጦ የሚያሳይ፥ ለተማሪ የሚያውስ፥ ሲያረጅም ለቤተ መጻሕፍት የሚሰጥ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። ይህም ሰው ቢሆን አንድ ፈተና አለበት፤ ያለፈው ዘመን በሩቅ ሲታይ ሁሉ ያማረ ይመስላልና፥ «ምነው በዚያን ጊዜ በኖርሁ» እያለ የዛሬን ሥራውን እንዳይጠላ ያሰጋል። ያ ዘመን የጦርነትና የረኀብ ዘመን እንደ ነበር ጥራዙ አይነግረውም።

ከ«ፊውቸራማ» ዛሬ የቀረው ሥዕልና ፊልም፥ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጡት የቤል ጌዲስ ወረቀቶች፥ እነዚህም ጥራዞችና ምልክቶች ናቸው። በዚያ ሜዳ ከተሠሩት ቤቶች የኒውዮርክ ከተማ ቤት አልፈረሰም፤ ከ1946 እስከ 1950 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያ ተሰብስቧል፥ የኢትዮጵያም መልእክተኞች በወንበራቸው ተቀምጠዋል። የነገ ዓለም ታይቶበት በነበረው ሜዳ ላይ፥ ከጦርነት የተረፉ መንግሥታት ስለ ዛሬው ይከራከሩ ነበር። ጥራዙን የሚያኖር ሰው ቢጠይቀኝ፥ ከምልክቱ አጠገብ በመስከረም ወር 1939 የወጣውን ጋዜጣ በአንድ ሣጥን እንዲያኖር እመክረዋለሁ፤ ልጆቹ ሣጥኑን ሲከፍቱ ሁለቱን አብረው ያነቧቸዋል።